ተራራ ይታያል፣ ሰው ይጠየቃል

ወላጆቻቸው ከጎንደር የወጡ፣ እነሱ ግን ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ዘጠኝ ወጣቶች ለጥምቀት ሊመጡ አስበዋል። ከበዓሉ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ የሰሜን ተራሮችን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሥራዬ ማስጎብኘት ስለሆነ የአራት ቀን መርሐ ግብር ጻፍኩና ደባርቅ ላይ ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ወዳስተማሩት አጎቴ ይዤ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። የተነጋገርነውን እንደማስታውሰው አስፍሬዋለሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ይህችን ወረቀት አንዴ ይዩልኝ። የመጀመሪያው ቀን ወለቃ፣ ኮሶዬ፣ ከዚያ ደባርቅ አዳር። በሁለተኛው ሳንቃበር፣ በሦስተኛው ግጭና እሜት ጎጎ፣ በአራተኛው ጨነቅ ደርሰው ይመለሳሉ።

ጋሼ፦ መንገዱ ደኅና ነው። አየሩን እንዲለምዱ ደባርቅ ማሳደርሽም ጥሩ። ይሄ ግን ምንድን ነው? «የተራራ መንደር ጉብኝት፣ 45 ደቂቃ»።

እኔ፦ መንገድ ላይ ካሉት መንደሮች አንዱ ጋ መኪናው ይቆምና ቤቱን፣ ማጀቱን፣ ሰዉን ያያሉ። ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ጉዞ።

ጋሼ፦ ሰዉን ያያሉ።

እኔ፦ ምን አጠፋሁ?

ጋሼ፦ እናትሽ ባለፈው ክረምት ስትታመም ሐኪም ቤት የመጣሁት ምን ላደርግ ነው?

እኔ፦ ሊጠይቋት።

ጋሼ፦ እንግዲህ ቋንቋችን ራሱ ለይቶታል። ግንብ ይጎበኛል፣ ተራራ ይታያል፣ ሰው ግን ይጠየቃል። የታመመ ይጠየቃል፣ ሐዘንተኛ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ገብቶ ይቀመጣል፣ እንዴት ሰነበታችሁ ይላል፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ጎንደር ውስጥ የማታውቂው ሰው ቤት በር ከፍተሽ ገብተሽ ማጀቱን ፎቶ አንስተሽ ብትወጪ ምን ይሉሻል? ሰሜን ላይ ሲሆን ለምን ይፈቀዳል?

እኔ፦ እኔም የሚያሳቅቀኝ ነገር አለ፣ አልዋሽዎትም። ኦሞ ሸለቆ ሙርሲዎች ዘንድ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ሲያወሩ እሰማለሁ። ሰው ይሰለፋል፣ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር ይባላል፣ ሂሳብ ተከፍሎ መኪና ይነሳል። ታይላንድ ውስጥ በበርማ ድንበር በኩል ያለውንም አንብቤያለሁ። አንገታቸው ላይ የናስ ቀለበት የሚደራርቡ ካያን የሚባሉ ሴቶች አሉ። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። የሰፈሩበት መንደር መግቢያ ላይ ትኬት ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጥቂቶቹን ኒውዚላንድና ፊንላንድ ሊቀበሏቸው ፈቅደው ሳለ መውጫ ፈቃድ እንደተከለከሉ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ተናግሮ ነበር።

ጋሼ፦ ሰው መስህብ ሲሆን እንዲህ ነው። መስህብ ደግሞ ከቦታው እንዲነቃነቅ አይፈለግም።

እኔ፦ የኛ ግን እዚያ ደረጃ አልደረሰም፣ ጋሼ። ልጆቹም ወደ ሰሜን የሚወጡት በዋናነት ለተራራው ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ራስ ደጀን ነው ያሉኝ።

ጋሼ፦ ለሱ ይምጡ፣ ማን ከለከለ! እኔ ስንት ዓመት ኖሬበት አልጠገብኩትም። ተማሪዎቼን እሜት ጎጎ ያወጣሁበት ቀን አይረሳኝም። 3,926 ሜትር ነው። በሦስት በኩል ገደል፣ ከታች እስከ ተከዜ የሚወርደው ቆላ፣ መሀል ላይ አምባዎቹ የሞሰብ ክዳን መስለው ተደርድረው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ውኃው እየቦረቦረ፣ እየፈለጠ አሁን ያለውን ቅርጽ ሰጠው። ይህን ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስነግራቸው ያዛጉ የነበሩ ልጆች አፋፉ ላይ ሲደርሱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ጅብራ የምትባለዋን ተክል አሳያቸው ነበር። ዓመታት ቆይታ ሰው በሚያህል ግንድ ላይ አንዴ ታብባለች፣ ከዚያ ትደርቃለች። ጅንባር ፏፏቴ ደግሞ ከ500 ሜትር በላይ ሲወርድ ድምፁ ከውኃው ዘግይቶ ነው የሚደርስሽ።

እኔ፦ ጭላዳውን አልጠሩልኝም።

ጋሼ፦ እሱማ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ገደሉ ወገብ ላይ ተኝቶ ያድራል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣል። ሣር ግጦ የሚኖር የዝንጀሮ ወገን በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ቂጡ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ ደረቱ ላይ ያቺ ቀይ ምልክት፣ ወንዱ ጎፈሩን ነፋስ ሲያወዛውዘው… ይህን ይዩ። ግን ከጭላዳው መቶ እርምጃ ርቃ ለምድ የደረበች ልጅ ትቆማለች። እሷንም ፎቶ ያነሷታል። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። በግ ትጠብቃለች፣ ገብስ በሚደርስበት ወራት ደግሞ ጭላዳውን ከማሳ ስታባርር ትውላለች። ይህን የሚነግራቸው አስጎብኚ ከሌለ ተራራውን የምታደምቅ መስላቸው ይሄዳሉ።

እኔ፦ እና ምን ልበላቸው?

ጋሼ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ጤፍ እንደማይበቅል ንገሪያቸው። ሁሉም ገብስ ነው። እንጀራው የገብስ፣ ጠላው የገብስ፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው የገብስ። ማገዶው ኩበት ነው። ከብትና በግ ማታ ቤት ውስጥ የሚገባው ሰዉ ሥልጣኔ አጥቶ አይደለም፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ እንስሳው በትንፋሹ ቤቱን ያሞቃል፣ ራሱም ከጅብ ይድናል። ይህን አውቀው ቢገቡ ጭሱ ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው ፊታቸውን አያጨማድዱም። ሰሜን ለኖረበት ሰው ከባድ አገር ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ ኮስማስ የተባለ ግሪክ ነጋዴ የገለበጠው አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ከኮስማስም በፊት የነበረ ነው። ያስቀረጸው ንጉሥ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜኖችን እንደወጋ ይናገራል፣ በረዶው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም እንደነበረም ይጨምራል። ኮስማስ ደግሞ የአክሱም ንጉሥ ሰው የሚያግዘው ወደዚያ ነው ብሎ ጽፏል። ስለ ሰሜን ከምናውቃቸው ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው፤ እዚያም ላይ ተራራውና ሰዉ አብረው ናቸው የተጻፉት።

እኔ፦ ይህንን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ልከራከርዎት። ግጭ ላይ መንደር ስለሌለ ነው ሌላ መንደር የፈለግሁት። ግጭ ባዶ የሆነው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ውስጡ ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜንና ላሊበላ አብረው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሰሜን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ውስጥ ተጻፈ፤ ከምክንያቶቹ ውስጥ እርሻውና ግጦሹ ነበሩ። ዋልያ ከሰሜን በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም። ሰው ግን ሌላ ቦታ ሊሰጠው ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰሜን ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ሣሩም አገገመ።

ጋሼ፦ ስለ ዋልያው ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ዋልያው ይጥፋ የሚል ሰው እኔ ቤት ቡና አይጠጣም። ሰዎቹ ይውረዱ የተባለውንም ስህተት ነው ብዬ አልፈርድም። 418 ቤተሰብ ግን ነው የወረደው። አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያ አፋፍ ላይ ሲያርስ፣ ሲሰግድ፣ ሲቀብር የኖረ። ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ። ለትምህርት ደባርቅ ወርደው ክፍል ተከራይተው፣ የሳምንት ስንቃቸውን በሶና ቆሎ በከረጢት ይዘው ነበር የሚመጡት። ሰኞ ጠዋት እግራቸው ጭቃ ብቻ ሆኖ ክፍል ሲገቡ ከየት እንደተነሱ ስለማውቅ አርፍደሃል ብዬ የተቆጣሁት የለም። አሁን ወላጆቻቸው የከተማ ዳር ነዋሪ ሆነዋል። ካሳ ተከፍሏቸዋል። ገብስ ዘሪ ገበሬ ገንዘብ ሲሰጠው ግን ምን ያርግበት? ገንዘብ አንዴ ካለቀ አለቀ፤ ማሳ በየዓመቱ ይመለስ ነበር። ነጋዴ የሆነ ሆኗል፣ በቅሎውን ይዞ እንግዳ የሚያጓጉዝ አለ፣ ቀን ሥራ የወጣም አለ። እንግዳ ከቀረ ወዲህ ደግሞ በቅሎውም ሥራ ፈታ።

እኔ፦ እና ግጭን ከመርሐ ግብሩ ላውጣው?

ጋሼ፦ ለምን ታወጪዋለሽ! ውሰጃቸው። ግን «ድንቅ የተፈጥሮ ሜዳ» ብለሽ አትለፊው። የአስታውን ዛፍና የጓሳውን ሣር ስታሳዪ እዚህ ሰው ይኖር ነበር፣ ለዚህ ሣር ሲባል ቤቱን ለቅቆ ወርዷል በያቸው። ዕዳችንን የከፈለልን ሰው ነው እኮ። በ2011 ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ውስጥ ያ ቃጠሎ ሲነሳም ግጭ አካባቢ ነበር። ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ሁሉም ይመስገኑ። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ቅጠል ይዞ እሳቱን ሲደበድብ ያደረው ግን የአካባቢው ሰው ነው።

እኔ፦ ይህን አላሰብኩትም። ማለቴ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ከግጭ ጋር አላገናኘሁትም።

ጋሼ፦ ወለቃንስ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?

እኔ፦ «የፈላሻ መንደር፣ የሸክላ ሥራ»። መንገዱ ዳር ያለው ታፔላ እንደዚያ ስለሚል።

ጋሼ፦ መጀመሪያ ስሙን ቀይሪ። ቤተ እስራኤል ናቸው። ፈላሻ እነሱ ለራሳቸው ያወጡት ስም አይደለም፣ አይወዱትምም። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ወለቃ ሲደርሱ ቤተ እስራኤልን እናያለን ብለው ከወረዱ ማንን ያገኛሉ? ግንቦት 1983 ላይ፣ ደርግ በወደቀበት ሰሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ከዚያ በፊት በ1977 በሱዳን በኩል የወጡ አሉ። በእግራቸው፣ ሌሊት ሌሊት፣ ወደ ድንበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩት በመንገድና በመጠለያው አለቁ። ወለቃ ላይ ዛሬ ሸክላ የሚሸጡት በአብዛኛው የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። እነሱም ሠርተው ይብሉ፣ ደግ ነው። ለልጆቹ ግን እውነቱ ይነገራቸው።

እኔ፦ የትኛው እውነት?

ጋሼ፦ የኛው ነዋ። ማረሻችንን የቀጠቀጡልን፣ ምጣዳችንንና ገንቧችንን የሠሩልን እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ ቡዳ እያልን ስንሸሻቸው ኖርን። ሰሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው ነገሥታት የነበሯቸው፣ ከአፄ ሠርፀ ድንግልና ከአፄ ሱስንዮስ ጦር ጋር ለመሬታቸው የተዋጉ ሰዎች ናቸው። ከተሸነፉ በኋላ መሬት ያጣ ሰው ምን ይሠራል? እሳትና ጭቃ ያዘ። እኛ የእጃቸውን ሥራ ገዝተን እነሱን ናቅን። እኔም ልጅ ሆኜ ብያለሁ፣ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። እና ያቺን የሸክላ ምስል እጃቸው ላይ ስትሰጫቸው ይህንን አብረሽ ስጫቸው። ከልጆቹ መሀል አያቱ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ይኖራል፤ አያቱ የተሰደበበትም ሊኖር ይችላል።

እኔ፦ ቆይ ጋሼ፣ ልጻፈው። … እሺ። ዳባትን ግን በመኪና ዝም ብለን ነው የምናልፈው። እዚያ የሚታይ የለም።

ጋሼ፦ የሚታይ የለም፤ አዎ። ጭና ግን ዳባት ወረዳ ነው።

እኔ፦ አውቃለሁ።

ጋሼ፦ ነሐሴ 2013 ሲያልቅ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እዚያ ደርሶ ገበሬው በቤቱ፣ በደጁ ተገደለ። ሕፃን፣ ሽማግሌ አልቀረም። ያን ሰሞን ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ አልነበረም። አሁን ያ መንደር ከመንገዱ ሲያዩት እንደማንኛውም የደጋ መንደር ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና ሣር ክዳን፣ ቤተ ክርስቲያን። ከመኪና ወርዶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው «እንዴት ያምራል» ሊል ይችላል። ያምራልም። አታቁሚያቸው ነው የምልሽ። ካቆምሽም ለቅሶ ለመድረስ ይሁን።

እኔ፦ ለቅሶ መድረስ… ማንን ሳያውቁ?

ጋሼ፦ ለቅሶ ለመድረስ መተዋወቅ መቼ ይጠየቃል! «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ መቀመጥ ማንም ይችላል። ግን አልጫንሽም። እንግዳ ማብዛት ሐዘንተኛን ማድከም ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቂ።

እኔ፦ ሊማሊሞስ? አራተኛው ቀን ላይ ጊዜ ከተረፈ አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁለቱን ቢያዩ ብዬ ነበር። ጣሊያን የሠራው መንገድ፣ እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው።

ጋሼ፦ አፋፉ ይበቃል። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ እሱን ወርደን በተከዜ በኩል ሽሬ፣ አክሱም ዘልቀናል። የዚያን ጊዜ ነጋዴው ከዚያም ከዚህም ነበር፤ ጎረቤት ነን እኮ። እንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ ሲመጣ ታያላችሁ፣ እኔ ባልደርስበትም። ደረስጌ ማርያምም ለመሄድ አራት ቀን አይበቃሽም እንጂ ብትወስጃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ደጃዝማች ውቤ ለራሱ ንግሥ ብሎ ያሳነጸው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የካቲት 1847 ላይ ውቤን ድል ያደረገው ካሳ ገብቶ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠበት። የጃናሞራ ሰው ይህን እንዴት እንደሚተርከው ብትሰሚ! በሚቀጥለው ይሁን።

እኔ፦ ሰላሙን ካነሱ አይቀር፣ ሰው ማምጣቱስ ተገቢ ነው ይላሉ? ውጊያው ከተነሳበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ስንት ጊዜ ነው መንገድ የተዘጋው። ባለፈው አንድ ቡድን ጎንደር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጦ ተመልሶብኛል። የቤት ኪራይ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

ጋሼ፦ አውቃለሁ ልጄ። እናትሽ ነግራኛለች። ያንቺ ችግር የሰሜን ሁሉ ችግር ነው፤ ስካውቱም፣ ምግብ አብሳዩም፣ በቅሎ ነጂውም እንዳንቺው ተራ ይጠብቃል። ግን በሰው ነፍስ አትቆምሪ። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ሳይሆን በዕለቱ ጠዋት ደባርቅ ደውዪ፣ አምባ ጊዮርጊስ ደውዪ። የሹፌሮችን ቃል ስሚ፤ መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይቅር ካሉሽ ይቅር። ልጆቹ ጎንደር ላይ ተቀምጠው ከዘመዶቻቸው ጋር ቢሰነብቱ ምንም አልጎደለባቸውም።

እኔ፦ ከተሳካልኝ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። በመቄት በኩል፣ ወሎ፣ ተስፋ የተባለው ሥራ እንደተጀመረ አይቻለሁ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ የሚያድርበትን ቤት የሠራውም የሚያስተዳድረውም የመንደሩ ሰው ነው፣ ምግቡንም እነሱ ያዘጋጃሉ። እንግዳ ሲገባ እግሩን ያጥቡታል። እኛም የ45 ደቂቃውን ትተን አንድ ሌሊት መንደር ውስጥ ብናድርስ? የሳንቃበሩን አዳር ትቼ።

ጋሼ፦ አሁን መጣሽ። ግን ዘጠኝ ሰው አንድ ቤት አታስገቢ። ሦስት ሦስት አድርገሽ አካፍያቸው። ማደሪያው መደብ ላይ ነው፣ ቁንጫም ይኖራል፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሴቶቹ ውኃ መቅዳት፣ ቡና መውቀጥ ላይ ይግቡ። ወንዶቹም ይግቡ። የሚበሉትን ዋጋ ለባለቤቲቱ በእጇ ስጪ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆነው በሷ እጅ ሲገባ ነው። ለልጆች መንገድ ላይ ብስኩትና ብዕር መበተን ግን የለም። ልጁ ትምህርት ቤቱን ትቶ መኪና ሲጠብቅ ይውላል፣ አይቼዋለሁ፣ ከክፍሌ ወጥቶ የቀረ ተማሪ ነበረኝ።

እኔ፦ አማርኛቸው ደካማ ነው ጋሼ። እንዴት ይጠይቃሉ?

ጋሼ፦ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ይችሉ የለ? ያን ይበሉና ዝም ይበሉ። ባላገሩ ራሱ ይጠይቃቸዋል። የማን ልጅ ነህ፣ አባትህ የየት አገር ሰው ነው፣ እናትህ በሕይወት አለች ወይ፣ ለምን አላገባህም ይላቸዋል። የማያውቀውን ሁሉ ይመረምራል። ያኔ አንቺ አስተርጉሚ። ከመሀላቸው አንዱ አያቱ የወገራ ሰው ሆኖ ቢገኝ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። ለዚህ ነው የመጡት፤ እነሱ ለራስ ደጀን መስሏቸው ነው እንጂ።

እኔ፦ ራስ ደጀን እኮ በዚህ መርሐ ግብር አይደርሱም። 4,550 ሜትር ነው፣ ሌላ ቀናት ይፈልጋል። እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ጋሼ፦ ንገሪያቸዋ። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ተራራ ከወጡ ፊት ለፊት ያዩታል።

እኔ፦ እሺ። ደባርቅ ላይ ደግሞ አንድ ቀን ልጨምር? ከግጭ የወረዱትን ሰዎች እንዲያገኙ። ከሜዳው መልስ ቢሆን ይሻላል መሰለኝ፤ ቦታውን አይተው ሲመጡ የሚያወሩት ይኖራቸዋል።

ጋሼ፦ ይሻላል። አንዱ ልጃቸው ተማሪዬ ነበር፣ አሁን በቅሎ ይነዳል። ቁጥሩን እሰጥሻለሁ። እሱ ከናንተ ጋር ግጭ ድረስ ይውጣ፣ የአባቱን ማሳ ራሱ ያሳያቸው። ሲመለሱ ደግሞ ቤቱ ቡና ይጠጡ።

እኔ፦ ባዶ እጃቸውን አይገቡም እንግዲህ። ቡናና ስኳር ከዚህ ከጎንደር ልግዛ? ደባርቅ ይወደዳል።

ጋሼ፦ ከዚህ ግዢ። ቡና ደጋ ላይ አይበቅልም፣ ሁልጊዜም ስጦታ ነው።

እኔ፦ ስንት ኪሎ ይሁን?

ጋሼ፦ ለስንት ቤት ነው?

እኔ፦ እ… አላወቅሁም።

ጋሼ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ልጁ ጋ ደውዪ። ስልኬን አቀብዪኝ፣ እዚያ መደርደሪያው ላይ ነው።